ወስፌና ቀርከሃ

«ይሄንንም ልጣለው?»

«እሷንማ እንዳትነኪ!»

«አባዬ፣ ስንጥር እኮ ናት! ጥርስህን ልትጎረጉርባት ነው?»

ልጄ ማርታ ቤቴን ላጽዳ ብላ ከመጣች ጀምሮ እየተጨቃጨቅን ነው። አሮጌውን የብስኩት ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። የተሰበረ መነጽር፣ ቀለሙ የደረቀ እስክሪብቶ፣ በወጣትነቴ ግጥም የሞነጫጨርኩበት ደብተር። ደብተሩ እንዲቀመጥ ተስማማች። ጣት የምታህለዋን የቀርከሃ ስንጥር ግን ቆሻሻው ካርቶን ውስጥ ወረወረቻት። ጎንበስ ብዬ አነሣኋት። ጫፏ ዛሬም ለስላሳ ነው። ለምን እንደማልጥላት ለማርታ አጫወትኳት።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ንጉሡም ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ከመዝሙር መጽሐፍና የቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው አሮጌ ጋዜጣ ቃል እየለቀምኩ እገጥም ነበር። ሹል ቃል ካገኘሁ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፣ የጀመርኩት ሁሉ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት።

ታላቅ ወንድሜ ሎሃ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ጠላቂ ነበር። አገልግሎቱን ጨርሶ ወደ ሶዶ ሲመለስ ሁለት የተሞሉ የአየር ሲሊንደሮችና አንድ ያረጀ የመተንፈሻ መሣሪያ ይዞ መጣ። መሣሪያው ከናስ የተሠራ ነው፤ ሲሊንደሩ አናት ላይ ይገጠምና የታመቀውን ኃይለኛ አየር ገርቶ፣ በልክ በልክ ለጠላቂው አፍ ይሰጣል። ሎሃ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈታ። ዳሞታ ተራራ ሥር ጠላቂ ምን ያደርጋል? ጎረቤቱ ሁሉ «የደረቅ መሬት ዓሣ» ይለው ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል፣ ግን ሳቁ ቶሎ ያልቅ ነበር።

መስቀል እንዳለፈ አንድ ነጋዴ መጣ። የጀልባው ሞተር አባያ ሐይቅ ውስጥ ወድቆበታል። «ካወጣህልኝ የጀልባዬ አዛዥ አንተ ነህ» አለው። ሎሃ የዚያን ዕለት የእናታችንን የቦይና ሥር ቅቅል በዳጣ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ።

ከመጥለቁ በፊት ግን መሣሪያው ተፈትቶ መጽዳት፣ ያረጁት የጎማ ቀለበቶችም መለወጥ ነበረባቸው። ይህን የሚያውቅ ሰው ከሎሃ በቀር ሶዶ ውስጥ የለም። መፍቻ ልንመርጥ ጋሽ ክፍሌ ሱቅ ሄድን። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱት የብረታ ብረት ሱቅ ነው። እኔ ዓይኔ ያረፈው ጥርሱ በሚሰፋና በሚጠብ፣ በሚያብረቀርቅ መፍቻ ላይ ነበር።

«ይኸው! ለሁሉም የሚሆን!» አልኩ።

«ለሁሉም የሚሆን ለማንም አይሆንም» አለ ሎሃ። «ተንሸራቶ የናሱን ጠርዝ ይበላዋል። በልኩ የተሠራውን ስጡኝ፣ ጋሽ ክፍሌ።»

«ቀለበቶቹንስ በምን እናወጣለን? ይሄ ወስፌ አይሻልም?»

ጋሽ ክፍሌ ሳቁ። «አንተ ባለቅኔ፣ ሰፌድ ልትሰፋ ነው?»

ሎሃ ወስፌውን ከእጄ ወስዶ መለሰው። «ብረት ናስን ይቧጭራል። ናሱ ከተቧጨረ አየር ያመልጣል። የምትነካበት ዕቃ ከምትነካው መለስለስ አለበት።»

ቤት ስንደርስ፣ «አዬ» እያልን የምንጠራት እናቴ ደጅ ተቀምጣ እንሰት ትፍቅ ነበር። ሎሃ ከመፋቂያዋ ቀርከሃ አንዲት ስንጥር ለመናት። «በብረት ብፍቀው ቃጫውን ይቆርጥብኛል» አለች ሰንጥቃ እየሰጠችው፤ ለሷ አዲስ ነገር አልነበረም። እኔ ግን አፈርኩ። የባሕር ኃይል ዕቃ በእንሰት መፋቂያ! ተመልሼ ሄጄ ወስፌውን ገዛሁ።

በማግስቱ ሎሃ ለጉዳይ ዲምቱ ከተማ ሄደ። ሲመጣ ላስደንቀው ብዬ መሣሪያውን ፈታሁ። ቀርከሃዋ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በዝግታ አወጣችልኝ። የመጨረሻው ግን እምቢ አለ። ትዕግሥቴ አለቀ፤ ወስፌውን አነሣሁ። ቀለበቱ ፈንጠር ብሎ ወጣ። ናሱ ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት ቀረች።

የወላይታ ልጅ ሲጨንቀው ምን ያደርጋል? ለራስ ምታት ቅቤ፣ ለውልቃት ቅቤ። ጭረቷን ቅቤ ቀባኋት።

ሎሃ ማታውኑ ተመልሶ መሣሪያውን አነሣው፣ አሸተተው። «ማነው ቅቤ የቀባው? ሐይቅ ሥር ሆኜ ክትፎ ልተነፍስ ነው? ጎማ ቅቤ ከጠጣ እኮ ያብጣል!»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከምጣዱ ሳታነሣ። «የደረቀ መስሎኝ ነው።»

ያ ውሸቷ ነው የሰበረኝ። «አዬ፣ ተይ» አልኳት። ወስፌውን አውጥቼ ሎሃ ፊት አስቀመጥኩት።

አልመታኝም። ስንጥሯንና ጥቂት የላመ አመድ ሰጥቶ «ጭረቷን አጥፋት» አለኝ። ሦስት ቀን ስንጥሯ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ ፈተግሁ። ጣቶቼ እስክሪብቶ መያዝ አቃታቸው።

በአራተኛው ቀን ማለዳ የነጋዴው ላንድሮቨር በር ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋ ነበር። ሎሃ አዲስ ቀለበቶች ገጥሞ፣ መሣሪያውን ከሲሊንደሩ ጋር አያይዞ ውሃ በርሜል ውስጥ ነከረው።

«የፈታኸው አንተ ነህ» አለኝ። «ደህና ነው ካልከኝ እወርዳለሁ።»

ውሃው ላይ አፈጠጥኩ። እስከ ሃያ ቆጠርኩ፤ ምንም የለም። ልናገር አፌን ስከፍት የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል አረፋ ከናሱ ተላቅቃ ወጣች። ሎሃ የሚያየው በርሜሉን አልነበረም፤ እኔን ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ አትውረድ።»

አየሩን ዘጋ። ወጥቶ ሾፌሩን አናገረው። ላንድሮቨሩ ጭቃውን እየረጨ ባዶውን ሄደ። በሳምንቱ የሐይቁ ዳር ሰዎች ሞተሩን በመንጠቆና በገመድ ጎትተው አወጡት፤ የጀልባው አዛዥም ሌላ ሰው ሆነ። ሎሃ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ሆኖ አረጀ፣ አምና በአልጋው ላይ አረፈ። «ያቺ አረፋ ምንም አታደርገኝም ነበር» እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሾፍብኝ ኖረ። አባያን ከሩቅ ባየ ቁጥር ግን ማሾፉን ትቶ ቆሞ ያየው ነበር። ሕይወቱን ያተረፍኩለት ይሁን ዕድሉን የቀማሁት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ሳነብ ሹል ቃል ካገኘሁ እጄ ይከብዳል። ማን ላይ ጭረት እንደምትተው ሳላስብ አላልፋትም። ግጥሞቼ በዚህ ምክንያት ጥቂት ናቸው።

«እና አጎቴ ካፒቴን ሳይሆን የቀረው ባንተ ነው?» አለች ማርታ።

«በእኔ ነው።»

ስንጥሯን ከእጄ ወሰደች። ልትጥላት መስሎኝ ነበር። የግጥም ደብተሬን ገልጣ፣ ገጾቹ መሀል አስገብታ ከደነችው። ከዚያ ካርቶኑን አቅፋ ወጣች፤ በሩም ቀስ ብሎ ተዘጋ።