ወንድሜ የጠበሰው ዓሣ

ታላቅ ወንድሜን አእምሮው ከታወከ ወዲህ እሳት አስነክተነው አናውቅም። እንደሱ ያሉ ሕሙማን በድጋፍ አብረው የሚኖሩበት አንድ ቤት ጋምቤላ ከተማ አለ። እዚያ ከገባ በኋላ ልጠይቀው ብሄድ፣ ብቻውን ምድጃው አጠገብ ቆሞ ዓሣ ይጠብሳል! የዘይቱ ጩኸት ጎረቤት ወረዳ አቦቦ ድረስ ይሰማል።

ከተቀመጥኩበት ደንግጬ ብድግ ስል አጠገቤ የተቀመጠችው የቤቱ ተንከባካቢ ክንዴን ያዘች።

"ይቀመጡ እንጂ! ነዋሪዎቹ ራሳቸው ካልጠሩን አንነሳም።"

ዓይኗን ግን ከመጥበሻው አልነቀለችም።

ዓሣው ቀረበ። የአፋር ጨው በሙሉ ተራግፎበታል።

"ጨው በዛበት እንዴ?" አለኝ ወንድሜ። ስንት ዓመት ምንም ነገር ጠይቆኝ የማያውቀው ሰው!

"ኧረ ጋሼ፣ የባሮን ወንዝ ሙሉውን ብጠጣው ጥሜን አይቆርጥልኝም!"

ከት ብሎ ሳቀና፣ ማንም ሳያዘው ውሃ ሊቀዳልኝ ሄደ። ተንከባካቢዋን አየኋት፤ ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አላለችም።