የባሩድ ትእዛዝ በእናቴ ስም

ባለፈው ቅዳሜ የአማርኛ አስተማሪያችን ደብተሬን መልሰው ሲሰጡኝ፣ «የደብዳቤሽን ታሪክ በመጽሔታችን እናወጣዋለን፤ ሁለት ገጽ ይዤልሻለሁ፣ ሰፋ አድርገሽ ጻፊው» አሉኝ። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እዚህ እንግሊዝ አገር ለምናድግ ልጆች ፊደል የሚያስቆጥሩት እሳቸው ናቸው፤ እስካሁን ከእሳቸው እጅ የተረፈኝ የቀይ እስክሪብቶ እርማት ብቻ ነበር።

«እውነትዎን ነው?»

«ፊደልሽን አርማለሁ። ሌላውን አልነካውም። አፍሽ እንዳመጣልሽ ነው የጻፍሽው፤ ይሁን፣ እንዲያ ይሻላል» አሉኝ።

ምን ልበላችሁ! የአውቶቡሱ ላይኛው ፎቅ ላይ ተቀምጬ ለራሴ ስስቅ መውረጃዬን አለፍኩት። ከሰፈራችን ከሆሎዌይ ሁለት ፌርማታ ርቄ ኖሮ እየዘለልኩ በእግሬ ተመለስኩ።

እንግዲህ የምጽፈው ደስ ብሎኝ ነው። የምጽፈው ነገር ግን በዕድሜዬ ከሁሉ ይበልጥ የፈራሁባቸውን አሥራ አንድ ቀናት ነው።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት ቤት ነው። የታሪክ አስተማሪያችን በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የታተሙ የጋዜጣ ማስታወቂያዎችን ፎቶ ኮፒ አድርጋ አደለችን። ለሰፋሪዎች የወጡ ናቸው፤ ማለትም ከዚሁ ከለንደን ተነሥተው ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ናታል፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ኒውዚላንድ ሄደው በሰው አገር መሬት ይዘው ለሚቀመጡ እንግሊዞች። የማይሸጥ ነገር የለም። ተፈታትቶ መርከብ ላይ የሚጫን፣ እዚያ ሲደርስ በብሎን የሚገጠም የቆርቆሮ ቤት፣ ከነበረንዳው። ሙቀት እንዳያላቅቀው በናስ የተያያዘ፣ ምስጥ የማይደፍረው ፒያኖ። ባሕር ሲሻገር እንዳይሻግት በጣሳ የታሸገ የጎመን ዘር። ሐኪም ለሌለበት አገር የመድኃኒት ሣጥን፣ ለየትኛው ሕመም የትኛው ጠርሙስ እንደሆነ ከሚናገር መጽሐፍ ጋር። ሻንጣ የሚያሽግልህ አለ፣ መርከብ ድረስ የሚሸኝህ አለ፣ ከሄድክ በኋላ ጋዜጣ በየወሩ የሚልክልህ አለ። እኔና እናቴ ወደዚህ አገር ስንመጣ የያዝነው አንድ ሻንጣ ነበር፤ እሱም ዚፑ የተበላሸ። ስለዚህ ማስታወቂያዎቹን እንደ ከረሜላ ነው ያነበብኳቸው።

ጠመንጃው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። «በአውሬም ሆነ በአገሬው ሰው ፊት የማያሳፍር» ይላል።

እጄን አወጣሁ። «የአገሬው ሰው ማለት እኔን የሚመስለው ነው?»

አስተማሪዋ ዓይኔን አይታ፣ «አዎ፣ እሱን ማለታቸው ነው» አለች።

የቤት ሥራው እንዲህ ነበር፦ ከቤታችን አንድ ትልቅ ሰው መርጠን፣ እሱን ሰፋሪ አድርገን፣ በሱ ስም የዕቃ ማዘዣ ደብዳቤ መጻፍ። ልክ የእውነት አስመስለን፤ የራሳችንን አድራሻ ከላይ፣ ፖስታው ላይ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ ያለውን የሱቁን አድራሻ። እኔ እናቴን መረጥኩ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የእማዬን ደብዳቤ የምጽፍላት እኔ ነኝ፤ ለአካባቢው መስተዳድር ለካውንስሉም፣ ለመብራቱም፣ ለሐኪሙም። ፊርማዋን ከሷ ይበልጥ አሳምሬ እፈርማለሁ። ደግሞ በዚያ ጠመንጃ ተናድጄ ነበር። እነሱ ታጥቀው ከሄዱ እናቴ ለምን ባዶ እጇን ትሄዳለች ብዬ እንዲህ ጻፍኩ፦ «አንድ ባለ ሦስት ክፍል የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ፒያኖ፣ ሁለት ጠመንጃና ስድስት በርሜል ባሩድ በአስቸኳይ ይላክልኝ። ከነቤተሰቤ ይህን አገር ለቅቄ እወጣለሁ፤ ከእንግዲህም አልመለስም።» ፈረምኩ፣ አሸግኩ፣ ጥጉ ላይ የንግሥቲቱን ራስ ያለበት ቴምብር በቀይ እርሳስ ሣልኩበት። ከስልኩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ሻወር ልወስድ ገባሁ።

ከእኛ ጋር የእናቴ አጎት ይኖራሉ። አባባ ነው የምላቸው። ዕድሜ ልካቸውን አዲስ አበባ ፖስታ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ጠረጴዛ ላይ የተኛ ደብዳቤ ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ፖስታ ሳጥን ድረስ ለመሄድ እንኳ ከረባት ያስራሉ።

ፀጉሬን እያደረቅሁ ስወጣ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

«አባባ፣ እዚህ የነበረው ፖስታ የት ሄደ?»

«እናትሽ ለጠበቃዋ ለሶሊሲተሯ ያጻፈችሽ? ላክሁት።»

«እሱን አይደለም! ሌላኛውን!»

«እሱንም ነዋ። ቴምብር ሥለሽበት አየሁና አንጀቴን በላሽው። መግዣ አጥታ ነው ብዬ ከራሴ ለጠፍኩልሽ። ደግሞ ፈርስት ክላስ ነው! ነገ ጠዋት እጃቸው ይገባል።»

አራት ፎቅ በደረጃ ወረድኩ። ቀዩ ሳጥን ላይ የተጻፈውን ሰዓት ቼክ ሳደርግ የዕለቱ የመጨረሻ ዙር ፖስታ ተወስዷል። ቢሆንም እጄን በአፉ አስገባሁ፤ ከአንጓዬ አላልፍ አለ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር።

ለምን ያን ያህል ፈራሽ ትሉኝ ይሆናል። እናቴ ጥገኝነት ጠይቃ መልስ እየጠበቀች ነበር። ሶሊሲተሯ፣ «በዚህ ሰሞን ይወስናሉ፤ እስከዚያ ስምሽ በምንም ነገር እንዳይነሣ» ብላታለች፤ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ጊዜው የአየርላንድ ታጣቂዎች ለንደን ውስጥ ቦምብ የሚያፈነዱበት ጊዜ ነው። ከባቡር ጣቢያዎቹ የቆሻሻ መጣያዎቹ ሁሉ ተነሥተዋል፤ አንድ ሰው ቦርሳ አውቶቡስ ላይ ከረሳ መንገዱ ይዘጋል። እና በዚህ መሐል የእናቴ ስም፣ የእናቴ አድራሻ፣ የእናቴ ፊርማ ያለበት ወረቀት ስድስት በርሜል ባሩድ እያዘዘ ለንደን መሐል ገብቷል። ባሩዱ ይቅር። «ይህን አገር ለቅቄ እወጣለሁ» የሚለውስ? ኢሚግሬሽን እጅ ቢገባ፣ «ይኸው ራሷ ፈርማለች፤ ትሂድ» ቢሉስ?

በማግስቱ ትምህርት ቤት ለጓደኛዬ ነገርኳት። አየርላንዳዊት ናት።

«ባሩድ? ከነአድራሻሽ?»

«አዎ።»

«አብደሻል እንዴ! አባቴን የመሣሪያ ሣጥን ይዞ ሲሄድ ፖሊሶች አነጋገሩን ሰምተው ብቻ ግማሽ ቀን አቆይተውታል። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው መዶሻ ነው! እናንተማ በቃችሁ።» ቀጥላም፣ «ከታሰርሽ ዎክማንሽን ለማን ትተዪዋለሽ?» አለችኝ። ልታስቀኝ ነበር። አልሳቅኩም።

ለአስተማሪዋ ደብዳቤውን ቤት ረሳሁት አልኳት። ለእማዬ ምንም አላልኳት። ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ተነሥቼ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ። የበራችን ፖስታ ማስገቢያ ክዳኑ የላላ ስለሆነ ደብዳቤ ሲገባ ጧ ይላል፤ ጧ ባለ ቁጥር ሮጬ አነሣዋለሁ። ቡናማ ፖስታ ካየሁ የመንግሥት ነው እላለሁ። ገልብጬ ሳየው የውሃ ቢል ይሆናል። ምግብ አልዋጥ አለኝ። አባባ «ይቺ ልጅ ፈተና ላይ ናት መሰል» እያሉ እንቁላል ይቀቅሉልኛል፤ እኔ ደግሞ እንቁላሉን እያየሁ ፖሊስ እናቴን በምን ቋንቋ እንደሚጠይቃት አስባለሁ። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ራሴ በጻፍኩት ወንጀል ራሴ ላስተረጉም ነው።

በአሥረኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሊፍት ውስጥ ገባሁ። በሩ ሊዘጋ ሲል አንድ ጥቁር ጫማ ከለከለው። ሁለት ፖሊሶች ገቡ። አንደኛው ጣቱን ወደ ቁልፎቹ ሰደደ፤ አራትን ተጫነ። የእኛን ፎቅ።

«አንቺም አራተኛ ነሽ?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«እ... እኔ እዚህ አልኖርም» አልኩት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሼ፣ የቤት ቁልፍ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ! ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወርጄ በደረጃ ተንደርድሬ ወጣሁ። ስደርስ በር እየተንኳኳ ነው። የእኛ አልነበረም። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ሰውዬ ብስክሌት ተሰርቆበት ነው የጠራቸው። ግን ድምፃቸው በግድግዳው አልፎ ይሰማል።

ገብቼ እማዬን ፈለግኋት። መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ካፖርቷን ለብሳለች። የኢሚግሬሽን ወረቀቶቻችን ያሉበትን ሰማያዊ ፋይል በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች። ራዲዮውን አጥፍታዋለች። ስለ ደብዳቤው የምታውቀው ነገር የለም፤ ፖሊስ መሆናቸውን ብቻ ሰምታ ነው እንዲህ የሆነችው።

«ዝም በይ» አለችኝ በጣት። «አንኳኩ?»

«የጎረቤት ነው፣ እማዬ። ብስክሌት ነው።»

ፋይሉን ግን አላስቀመጠችውም። ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመርኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

ስጨርስ፣ «ባሩድ» አለች። «ስንት?»

«ስድስት በርሜል።»

«እሱ እንኳ ልጅነት ነው። አገሩን ለቅቄ እወጣለሁ ብለሽ ጻፍሽ? በኔ ፊርማ?» ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «የኔ ልጅ፣ እኔ ያቺን ቃል ላለማለት ስንት ነገር ችዬ እንደተቀመጥኩ ታውቂያለሽ?»

አባባ በሩ ላይ ቆመው ሰምተው ኖሯል። «ጥፋቱ የኔ ነው። የላክሁት እኔ ነኝ። ከመጡ እኔን ይውሰዱኝ» አሉ።

«እርስዎን ወስደው ምን ያደርጉዎታል?» አለች እማዬ። «ነገ ጠዋት ሶሊሲተሯ ጋ ሄደን እንናዘዛለን። በቃ።»

ጠዋት ካፖርታችንን ለብሰን ልንወጣ ስንል ጧ አለ። ነጭ ወፍራም ፖስታ፤ የእማዬ ስም በታይፕ። አባባ አንሥተው ማኅተሙን በብርሃን አዩት። «የለንደን ነው። የመንግሥት አይመስልም» አሉ። እማዬ ግድግዳ ተደግፋ፣ «አንብቢው። አንድም ቃል እንዳትዘልዪ» አለችኝ።

እያነበብኩ ተረጎምኩ። «ክብርት እመቤት ሆይ፤ ትእዛዝዎ ደርሶናል...»

«ወይኔ» አለች እማዬ።

«...ሆኖም ያዘዙት የቆርቆሮ ቤት ከመጋዘናችን ካለቀ መቶ ዓመት ገደማ ስለሆነው እጅግ እናዝናለን። ፒያኖውም እንዲሁ። ባሩዱን ግን ቢኖረንም ጎረቤቶቻችን ስለማይወዱት አንልከውም።»

አባባ ነበሩ ቀድመው የሳቁት። ሁለተኛው ገጽ በእጅ የተጻፈ ነው። የጻፈችው ሴትዮ ሱቁ የነበረበት ሕንፃ ውስጥ ያለ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት። ምድር ቤቱ ውስጥ የድሮው ሱቅ ካታሎጎችና የትእዛዝ መዝገቦች እስካሁን አሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየገባች አቧራቸውን ታራግፋለች። ከእውነተኛው ቴምብር ሥር የኔ ቀይ እርሳስ ብቅ ብሎ ስላየች የተማሪ ሥራ መሆኑ ገብቷታል። «ከእኔ በቀር ማንም አላየውም፤ ለቤት ሥራ ያስፈልግ ይሆናል ብዬ መልሼዋለሁ» ትላለች። ደብዳቤዬ ውስጡ ነበር።

እማዬ ቁጭ አለች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ስለ ማስታወቂያዎቹ ጠየቀችኝ፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ጎመን ዘሩ፣ ስለ ጠመንጃው ነገርኳት።

«እነዚህ ሁሉ ሰዎች ሰው አገር ሲገቡ ቪዛውን ማን መታላቸው?»

«ባሩዱ ነዋ!» አሉ አባባ።

ከዚያ እስክሪብቶና ማስመሪያ አምጪ አለችኝ። «ለቅቄ እወጣለሁ» የምትለዋን መስመር ሦስት ጊዜ አሰመረችባት፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ። ባሩዱን ተወችው። «አሁን ለአስተማሪሽ ስጫት» አለችኝ።

የኢሚግሬሽኑ መልስ እስካሁን አልመጣም። አሁንም ጧ ሲል እደነግጣለሁ።

ሴትዮዋ ግን መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጨምራለች፦ እስከ በጋው ማለቂያ በማንኛውም ቅዳሜ ከሰዓት ኑ፣ የፈለጋችሁትን ሰው ይዛችሁ ኑ፣ መዝገቦቹን የሚያይ ሰው ጠፍቷል ትላለች። እማዬን ለመንኳት። «ስሜ ከባሩድ ጋር የደረሰበት ቤትማ ብቻዬን አልገባም» አለች፤ ቆይታ ግን «ብዙ ሆነን ከሄድን እመጣለሁ» አለች። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እናቶችም ልጆችም፣ ኑ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከአዳራሹ በር ተሰብስበን በአንድ አውቶቡስ እንሄዳለን። እናንተ ከበዛችሁ እናቴ አትፈራም።