ወንድሙ ዛሬም ለጥፏል

ባሌ ሶፋ ሠሪ ነው። እጁ የተባረከ ነው፤ ግትርነቱ ግን ለጠላት አይስጥ። ታናሽ ወንድሙ ሙያውን ከእሱ ተምሮ፣ ተገንጥሎ የራሱን ሱቅ ሲከፍት፣ ክብ የሶፋ መደገፊያ የመሥራቱ ሐሳብ መጀመሪያ የማን ነበር በሚል ተጣሉ። በዚህ ነው እንግዲህ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሆድና ጀርባ የሆኑት!

ከወንድሙ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ግን ዓይኑን ነቅሎ አያውቅም። ጎረቤታችን ስልክ ጠጋኙ ተፎካካሪ የሚከታተል መተግበሪያ ጫነለት። ወንድሙ አዲስ ሶፋ በለጠፈ ወይም ዋጋ በቀየረ ቁጥር ስልኩ ጢጥ ይላል። ባሌ በሐሰት ስም ይገባና ፎቶውን አሳድጎ ስፌቱን ይመረምራል፤ "ይቺንስ እኔ ነኝ ያሳየሁት" እያለ ይነጫነጫል፤ ከዚያ የራሱን ዋጋ ዝቅ ያደርጋል። ሥራ ነው ይላል። እኔ ግን ነቅቼበታለሁ፤ ስልኩ ዝም ያለ ቀን የያዘው መዶሻ እንኳ ይጠፋዋል።

አንድ ቀን የወንድሙ ሚስት ወርክሾፑ ድረስ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል።

"ጋሼ፣ ወንድምዎ በጠና ታሟል። ሆስፒታል ከተኛ ሰነበተ። የእርስዎን ስም ነው የሚጠራው፤ እባክዎ ብቅ ይበሉ።"

ባሌ ስልኩን አውጥቶ አሳያት። "ሆስፒታል የተኛ ሰው ነው ዛሬ ጠዋት ይሄን የለጠፈው? መታረቅ ከፈለገ በእግሩ ይምጣ።"

ሴትየዋ ዕንባዋን እየጠረገች ወጣች። እኔ ደሜ ፈላ።

"አንተ ሰውዬ፣ ፊቷን አላየኸውም? ተነስና ሂድ!"

"ቢታመም አውቅ ነበር" አለኝ፣ ስልኩን እየነካካ። በዚያች መተግበሪያ ተማምኖ ቀረ። በየማለዳው ጢጥ ስትል "ይኸው፣ ደህና ነው" ይለኛል።

ሞቱን የነገረን መተግበሪያዋ ሳትሆን ሰው ነው። ለቅሶ ቤት ነገሩ ተገለጠልን፤ ወንድሙ ሥራ ያቆመ መስሎ ደንበኛ እንዳይሸሸው፣ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት የሥራዎቹን ፎቶ ሁሉ ገጹ ላይ ጭኖ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ በራሱ እንዲወጣ አዝዞ ነበር።

ከቀብሩ ማግስት ስልኩ ጢጥ አለ። አረንጓዴ ሶፋ። ባሌ ምስማር አፉ ውስጥ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። በነጋታው ግራጫ፣ ከዚያ ደግሞ የልጆች አልጋ። ያቺን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ይሰቀጥጠኛል፤ ሟች በራችንን የሚያንኳኳ ይመስለኛል።

"ዝጋው በቃ" አልኩት።

"ወንድሜን ልዝጋው?" አለኝ።

ትናንት ጠዋት ወርክሾፑ ስገባ፣ ገና ጨርቅ ባልለበሰ ሶፋ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ስልኩን ሰጠኝ። በራሱ ስም ለወንድሙ ገጽ ጽፏል፤ "እኔ ነኝ፣ ወንድምህ። ሳልመጣ ቀረሁ። ማረኝ።" ከሥሩ መልስ አለ፤ "መልእክትዎ ደርሶናል። ባለሙያችን በቅርቡ ይመልስልዎታል።"

"ይሄ እኮ ማሽኑ ነው፤ ለጻፈ ሁሉ የሚለው ይሄንኑ ነው" አልኩት። "ተነስ፣ ወደ ቤት እንሂድ።"

ስልኩን ከእጄ ወሰደና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

"አንቺ ሂጂ፤ እኔ ትንሽ ልጠብቀው" አለኝ።