የሦስት ዓመት አማካይ

አየነው ሒሳብ አስተማሪ ነበር። «ነበር» ማለቴ ሞቶ አይደለም፤ ተሹሞ ነው።

ግምጃ ቤት በምትባል ከተማ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አሥራ ሰባት ዓመት አብረን አስተምረናል፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ አማርኛ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ገና ከዚያው ነው። አየነው ክፍል ሲገባ ስም አይጠራም ነበር። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ይጽፍና ጠመኔውን ወደ ተማሪዎቹ ዘርግቶ ዝም ብሎ ይቆማል። ቀድሞ የደረሰ ተቀብሎ ይሠራል። ለጠመኔ ሲሽቀዳደሙ አግዳሚ ወንበር የሰበሩበት ቀን አለ። ርዕሰ መምህራችን ስለ ወንበሩ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲቆጣ ከርሞ፣ የስምንተኛ ክፍል ውጤት መጥቶ ልጆቻችን በሒሳብ የዞኑ አንደኛ ሲሆኑ ወንበሩን ረሳው።

እኛ ዘንድ ጎበዝ አስተማሪ የሚመሰገንበት መንገድ አንድ ነው፤ ከማስተማር ይገላገላል። ለአየነውም እንጅባራ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣለት። ከጥቅምት አንድ ጀምሮ ጠረጴዛ ተሰጥቶት የየትምህርት ቤቱን ውጤት እንዲያጠናቅርና «ምርጥ ተሞክሮውን ቀምሮ እንዲያስፋፋ» ይላል። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ቅናት ቢጤ እንደቆነጠጠኝም አልደብቅም፤ አማርኛ አስተማሪን ቀምረህ አስፋፋ ያለው የለም።

የአየነው ጭንቀት ሹመቱ ሳይሆን ዮዲት ነበረች። ትልቋ ልጁ ናት፤ በመስከረም ስምንተኛ ትገባለች፤ ሰኔ ላይ ክልላዊ ፈተና አለባት። ልቧ ያለው ጎበዝ ጎበዙን መርጦ ከሚወስደው አዳሪ ትምህርት ቤት ላይ ነው፤ እዚያ ለመግባት ደግሞ ሒሳብ ላይ መቀለድ የለም። አባትየው ለልጁ የሚያወርሰው መሬት የለው፣ ሱቅ የለው። ያለው ሒሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን ወደ እንጅባራ ሲያዛውር የሚፈልገው ቤት ሳይሆን ትምህርት ቤት ነበር፤ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተለጥፎ ይመጣል።

ዮዲት ከአክስቷ ጋር እዚሁ ሆና ስምንተኛን ትጨርስ ብዬ መክሬው ነበር። ሳቀብኝ። «እዚህ ማን ሊያስተምራት?» አለኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ያስተማረበት ግቢ፣ እሱ እግሩን ሲያነሣ ለራሱ ልጅ አልበቃ አለ። ተቀየምኩት። የአገሩን ትምህርት ቤት የማያምን አስተማሪ፣ ቤቱ አብስሎ ጎረቤት የሚበላ ሰው ነው ብዬ ለባለቤቴ ለእህተማርያም አማሁት።

ነሐሴ ላይ ከአንድ ወዳጁ የእንጅባራን ትምህርት ቤቶች ውጤት አስልኮ፣ ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘርግቶ፣ ማስመሪያና ቀይ እስክሪፕቶ ይዞ ተንበረከከበት። ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ የአንድ ዓመት ውጤት አያምንም፤ የሦስት ዓመት አማካይ አወጣ። በአማካዩ አንደኛ የወጣው የላይ ሰፈር ትምህርት ቤት ሆነ። ሁለት ዓመት ከሁሉም በላይ ነበር፤ በሦስተኛው፣ ባለፈው ዓመት ማለት ነው፣ ወረድ ብሏል። አየነው ይህን አይቶ «አንድ ዓመት ማንም ይደናቀፋል» አለና አለፈው። ቀጥሎ በሚኒባስ ሦስት ጊዜ እየሄደ ሰፈሩን መረመረ። ዮዲት ባጃጅ የበዛበትን መንገድ ሳታቋርጥ እንደምትደርስ አረጋገጠ፤ የክፍሎቹን መስኮት ቆጠረ፤ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ እንዳለው ዘበኛውን ጠየቀ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ገብቶ የመጽሐፎቹን አቧራ በጣቱ ጠረገ። ያልጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

እሱን የጠየቀችው ባለቤቱ ወርቅአየሁ ናት። የገበሬ ልጅ ናት፤ ከቁጥር ይልቅ ከብት ታውቃለች። አስተማሪው ማነው ስትለው ወረቀቱን አሳያት።

«ላም የሚገዛ ሰው ያምናውን ወተት ነው እንዴ የሚጠይቅ?» አለችው። «ጡቷን ነው እንጂ የሚያይ።»

አማካይ ማለት ምን እንደሆነ ቁጭ አድርጎ አስረዳት። ተረዳችው፤ አላመነችውም።

ቤቱንም ያገኘችው እሷው ናት። ላይ ሰፈር ያለው ቤት ባለቤት እማማ ምህረቴ በቀርከሃ አጥራቸው በር ላይ ቆመው፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ተከራዮችን መልሰው ነበር። ወርቅአየሁ በአዊኛ ሰላምታ ስታቀርብላቸው ማን ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ ተባባሉ፤ የእናቶቻቸው ቀበሌ ጎን ለጎን ሆኖ ተገኘ፤ ቁልፉ ወጣ። አየነው ግን ቤቱን የሰጠን ጥናቱ ነው እያለ ለሁላችንም አወራ። ጳጉሜን ላይ ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ ጭነን ሸኘናቸው። ጭጋግ ነበር፤ ዮዲት ከላይ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ እጇን ስታውለበልብ ጥቂት ሄዳ ጠፋችብን። አየነው ክፍል ሽሚያው ላይ ቀድማ ጠመኔ የምትወስደው እሷ ነበረች።

አየነው ራሱ እስከ መስከረም መጨረሻ ከእኛ ጋር ቆየ፤ ቅዳሜና እሑድ እየሄደ ይመለሳል። በዚያ ወር አንዲት አዲስ ተማሪ ስምንተኛ ክፍል ገባች፤ ሀይማኖት ትባላለች። አባቷ እንጅባራ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ እሷን ግምጃ ቤት አክስቷ ዘንድ አስቀምጦ እኛ ጋ አስመዘገባት። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ጠመኔ ወሰደች። አየነው ልጅቱን አደነቃት፤ አባቷን ግን አዘነለት። «ከእንጅባራ ወደዚህ ልጁን የሚልክ ሰው አለ?» አለኝ። «ምስኪን፣ ወረቀት የሚያነብለት ሰው አጥቶ ነው።»

መስከረም ሲያልቅ በግ አርደን፣ ጋቢ አልብሰን፣ ንግግር አድርገን አሰናበትነው። ንግግሩን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ብዙ ሰው አስለቅሻለሁ። በማግሥቱ ርዕሰ መምህሩ ጠራኝና፣ ተተኪ እስኪመጣ የስምንተኛን ሒሳብ አንተ ያዝ፣ ክፍለ ጊዜህ ጎደሎ ነው አለኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኔ ጠምጥሜ ገባሁ።

አየነው አርብ ከሰዓት ጠቅልሎ ላይ ሰፈር ገባ። ከሰላምታ ቀጥሎ የዮዲትን የሒሳብ ደብተር አምጪ አለ። ልጅቱ ቶሎ አላመጣችም። ሲገልጠው በየገጹ አናት ላይ ቀን ተጽፏል፤ የእሷ ነው ጽሕፈቱ፣ ቀጥ ያለ። ከቀኑ በታች ምንም የለም። መስከረም ሙሉውን እንዲህ ነው። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ የክፍል አለቃዋ ተማሪ ዝም በሉ ትላለች፣ ዝም ይላሉ፣ ደወል ይደወላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲጠይቃት ደህና ነው ያለችው፣ ሰፈሩን ሲመርጥ ተንበርክኮ ያየችው አባቷ እንዳያዝን ብላ ነው። ወርቅአየሁ ይህን ስታጫውተኝ ዓይኗ ሞላ። አየነው ግን ደብተሩን ዘግቶ፣ ከፍቶ፣ እንደገና ዘጋው አለች። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ያች ደብተር ናት።

ሰኞ በጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ ከመሥሪያ ቤቱ ለቁጥጥር የመጣ መስሏቸው ወንበር አቀረቡለት፣ ሰነድ ዘረጉለት። ሒሳብ አስተማሪያችሁ የታለ አላቸው።

«እናንተ ጋ ነዋ» አሉት። «ዓምና ወሰዳችሁት እኮ። ይኸነው የሚባል። እንደሱ ያለ ሒሳብ አስተማሪ አይቼ አላውቅም፤ በውጤቱ ምክንያት ተሾመ። ዓምና ስፖርት አስተማሪው ክፍሉን ሲሸፍንለት ከረመ፤ ዘንድሮ እሱም ታመመ። እርስዎ እዚያ ከሆኑ እስቲ ያስታውሱልን፣ ሦስት ጊዜ ጽፈናል።»

አየነው አመስግኖ ወጣና አዲሱ ሥራው ላይ ገባ። ያሳዩት ጠረጴዛ ከመስኮቱ ጥግ ነው። ከፊት ለፊቱ አንድ ደልደል ያለ ሰው በማስመሪያና በቀይ እስክሪፕቶ ሠንጠረዥ ያሰምራል። ተነሥቶ ጨበጠው። ይኸነው እባላለሁ አለው።

አየነው ከላይ ሰፈር ትምህርት ቤት ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ደስ አለው፤ አዎ፣ ሒሳብ ነበርኩ፣ አንተስ ከየት ነህ አለ። አየነው ትምህርት ቤታችንን ነገረው፤ እኔም ሒሳብ ነኝ አለ። ይኸነው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ልጄን እኮ እዚያ ነው ያስገባኋት» አለ። «ሀይማኖትን። ከዞኑ አንደኛ እናንተ ናችሁ። ወረቀቱን እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት።»

«የኔ ልጅ ላይ ሰፈር ናት» አለ አየነው።

ሁለቱ የዞኑ ምርጥ ሒሳብ አስተማሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱ የሌላውን ትምህርት ቤት መርጧል፤ ምርጫቸው ያምር ነበር፣ የጎደሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ይኸነው፣ አሁን እዚያ ሒሳቡን ማን ይዞታል ብሎ ጠየቀ። አየነው ስልኩን አውጥቶ እኔ ጋ ደወለ። ኔትወርኩ ደህና ስለነበር ለመዋሸት አልተመቸኝም። እኔ ነኝ አልኩት።

«በርታ» ብሎ ዘጋው።

በርትቼ ነበር እኮ። የአየነውን የድሮ ማስታወሻ ከዘበኛችን ቤት አስፈልጌ ሰሌዳው ላይ እገለብጥ ነበር። ጠመኔ አልዘረጋም፤ ማን ትክክል እንደሆነ በምን አውቄ። ሀይማኖት ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሕተቴን እያየች በአክብሮት ዝም አለች። ከዚያ አንድ ቀን ተነሥታ፣ «ቲቸር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቱ ይቀየራል መሰለኝ» አለች። ይቀየራል። ከዚያ ወዲህ እየጻፍኩ በጎን አያታለሁ፤ ራሷን ከነቀነቀች እቀጥላለሁ።

አየነው ዮዲትን ቤት ውስጥ ሊያስተምራት ሞከረ። ግን ሥራው መስክ ነው፤ ምርጥ ተሞክሮ ለማስፋፋት ከሳምንቱ አራቱን ቀን ጥሊሊና ሌላ ሌላ ወረዳ ያድራል። ሲገኝም ልጅቱ እየሠራች ፊቷ አይፈታም። ምን ሆንሽ ሲላት፣ «አባባ፣ የምሽቀዳደመው ሰው የለም» አለችው። እኔ ብሆን ኖሮ ስለ ሌላው ልጅ ምን አገባሽ እል ነበር። እሱ በማግሥቱ ወደ ማስተማር መልሱኝ ብሎ ማመልከቻ ጻፈ።

አለቃው ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። በሥራ ዘመናቸው ወደ ታች የሚጠይቅ ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም፤ ለዚህ የሚሆን ቅጽም የለም። «ያጠፋኸው ነገር ካለ እዚሁ እንነጋገር» አሉት በርኅራኄ። ከተማው ደግሞ አልራራም። ግምጃ ቤት የደረሰው ወሬ አየነው ተባረረ የሚል ነበር፤ ምክንያቱን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ ሦስቱም የተለያየ ምክንያት ያውቃሉ። ጋቢ ያለበሱት ሽማግሌዎች እኔን አስጠርተው ምን ነክቶት ነው አሉኝ። ወርቅአየሁ ገበያ ላይ ሰላምታ የነሷት አሉ። ዝቅ ማለት እኛ አገር ከሌብነት በታች ነው፤ ሌባ እንኳ ካልተያዘ ከፍ ይላል።

ኅዳር ሲያልቅ ፈቀዱለት። ላይ ሰፈር ስምንተኛ ክፍል ገብቶ፣ ዘጠና አራት ልጅ ፊት አንድ ጥያቄ ጽፎ፣ ጠመኔውን ዘርግቶ ቆመ። ማንም አልተነሣም፤ ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ የለም። ከዮዲት በቀር። ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥታ ስትሮጥ ወንበር ላይ ወጥታ ዘለለች አሉኝ። ሌላውን ስንት ነገር አምቼዋለሁ፤ ይህን ስሰማ ግን በደስታ ብቻዬን ሳቅሁ።

ይኸነው ማመልከቻ አልጻፈም። እሱ ሠንጠረዥ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ከእንጅባራ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቶ የሀይማኖትን መሸኛ አስጽፎ፣ ሻንጣዋን ጋሪ ላይ አስጭኖ ወሰዳት፤ ላይ ሰፈር አስገባት። ስትሰናበተኝ ምልክት የሚቀየርባቸውን ቦታዎች በቀይ ያሰመረችበትን ደብተሯን ትታልኝ ሄደች። ለሚቀጥለው ምዕራፍ ይጠቅምዎታል አለችኝ።

የክፍሌ ልጆች ስልሳ ስምንት ነበሩ፣ ስልሳ ሰባት ሆኑ። ተተኪ እንዲላክልን ሁለት ጊዜ ጽፈናል። ደብዳቤው የሚደርሰው ይኸነው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጥሩ ሰው ስለሆነ በትሕትና መልሶልናል፣ በመጣራት ላይ ነው ብሎ።

የኔዋ ትልቋ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። በመስከረም ወደ እኔ ክፍል ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት እህተማርያም፣ ላይ ሰፈር እማማ ምህረቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ባዶ ናት አሉ፣ ወርቅአየሁ ታነጋግርልናለች፣ ልጅቱን እዚያ እናስቀምጣት አለችኝ። ማሰብ አልፈጀብኝም። እሺ አልኳት።

ክፍሌ ውስጥ የቀሩትን ስልሳ ሰባቱን ማን ያስተምራቸዋል ያላችሁ እንደሆነ፣ እኔው ነኝ።