የእትዬ እርሳስ ሥዕሎች ባለቤት

በአዋላጆች ማሠልጠኛው ውስጥ የሴትዮዋን ትክክለኛ ስም የሚያውቅ ከደመወዝ ከፋዩ በቀር አልነበረም። ተማሪዎቻቸው «እትዬ እርሳስ» ይሏቸዋል። እርሳሳቸውን ከሻሻቸው ሥር ሸጉጠው ስለሚዞሩ ነው። አንዳንዴም ራሳቸው ላይ መሆኑን ይረሱና ክፍሉን በሙሉ ሲያስሱ ይውላሉ። ተማሪዎቹ ደግሞ እያዩት አብረው ይፈልጋሉ።

በወጣትነታቸው አዋላጅ ነበሩ። ወገባቸው አልታዘዝ ሲላቸው ወደ ማስተማር ተዛወሩ። እዚያ የጠበቃቸው መማሪያ መጽሐፍ ዋናውን ማንም አይቶት አያውቅም፤ ከቅጂ ቅጂ ሲባዛ ኖሮ ሥዕሎቹ የተደፋ ቀለም መስለዋል። አንድ ቀን በማዋለጃው ክፍል አንዲት ተለማማጅ በጓንቷ ዳሰሰችና «እጁ ነው የመጣው» አለች። የመጣው እግሩ ነበር። ሰው ተጠርቶ እስኪደርስ ሕፃኑ አልቆየም። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች መጽሐፉን ገልጣ አሳየቻቸው። እጅና እግሩ ሁለት ጥቁር ነጠብጣቦች ነበሩ። ሊቆጧት መጥተው የነበሩት እትዬ እርሳስ አጠገቧ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ መሣል ጀመሩ። ሥዕል ተምረው አያውቁም፤ ግን እጃቸው ዕድሜ ልኩን ሲዳስስ የኖረውን አልረሳውም። በተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ላይ የሕፃኑን ተረከዝ፣ የእትብቱን አጠማዘዝ፣ ወደ ጎን የተጋደመውን ጭንቅላት ይሥላሉ። አንዱን ሲጨርሱ ካጠገባቸው ያለችውን ተማሪ ይጠሩና «ምን ይታይሻል?» ይላሉ። ልጅቷ ካመነታች ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ብዙውን ጊዜ የሚጠሯት ድምፅዋ የማይሰማ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ጓደኞቿ «ዝምተኛዋ» ይሏታል። ቤታቸው እየመጣች ከልጃቸው ጋር አንድ ሳህን ላይ በልታለች፤ እርሳስ ቀርጻለች፤ የተሳሳተውን መስመር በላጲስ አጥፍታለች። እትዬ እርሳስ ለተመራቂዎቻቸው ሁሉ አንዳንድ ሥዕል በማስታወሻነት ይሰጡ ስለነበር ዋናዎቹ ሥዕሎች ከተመራቂዎቹ ጋር በየአገሩ ተበተኑ።

ልጃቸው ማተሚያ ቤት ነበር የምትሠራው። ሥዕሎቹን ከመሰጠታቸው በፊት አንድ በአንድ በስካነር አንስታ አስቀምጣቸው ኖሮ፣ አንድ ቅዳሜ ኢንተርኔት ላይ ልትጭናቸው ተነሣች።

«እማዬ፣ እርሳስሽ ወረቀቱን ከነካበት ሰዓት ጀምሮ ሕጉ ሥዕሉን ያንቺ አድርጎታል» አለቻቸው። «ሰው እንዲቀዳው ከፈለግሽ ፈቃድሽን በግልጽ መስጠት አለብሽ።»

«ምን ብዬ ልስጥ?»

«የፈለገ ይቅዳ፣ ያባዛ፣ ያሻሽል፣ ቢያሻው ይሽጥ። ስምሽን ብቻ ይጥቀስ። አንዴ ከሰጠሽ ግን መልሱልኝ ማለት የለም።»

«የሰጡትን መልሶ መጠየቅማ ነውር ነው። ስሜም ቢሆን ይቅር፤ ምን ያደርግልኛል?»

«ስምሽ ይኑር» አለች ልጅቷ፤ እናቷን ሳታስጨርስ በየሥዕሉ ጠርዝ ላይ ጻፈችው።

ሥዕሎቹ እንደ ውኃ ፈሰሱ። ማሠልጠኛዎች አባዟቸው፤ ጤና ጣቢያዎች ግድግዳ ላይ ለጠፏቸው። ከማያውቁት አገር አንዲት አዋላጅ ከሥዕሎቹ ሥር ያለውን ጽሑፍ በራሷ ቋንቋ ተርጉማ ልካላቸው፣ እትዬ እርሳስ የማያነቡትን ፊደል ሲያገላብጡ ዋሉ። ጡረታ ሲወጡም ደስ ብሏቸው ነው የወጡት።

ነገሩ የተሰማው ማሠልጠኛው ደውሎ «ሥዕሎቹ ጠፉብን» ሲል ነው። ልጃቸው ገጹን ስትከፍተው ባዶ ሆኖ አገኘችው፤ መሐሉ ላይ «ባለመብቱ ባቀረበው አቤቱታ መሠረት ተነሥቷል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነበረ።

«ባለመብቱ ማን ነው?» አሉ እትዬ እርሳስ።

ልጅቷ ስትፈልግ ውላ አገኘችው። አንድ አሳታሚ ድርጅት በቀለም ያሸበረቀ የአዋላጆች መማሪያ አሳትሟል። ሥዕሎቹ የእናቷ ናቸው። እትዬ እርሳስ አንድ ጊዜ ተሳስተው ያስረዘሙት የጓንት አውራ ጣት እንኳ እንደረዘመ አለ። ድርጅቱ የመጽሐፉን ሥዕሎች የሚመስል ነገር ኢንተርኔት ላይ ባየ ቁጥር በራሱ አቤቱታ የሚያቀርብ ፕሮግራም ገዝቷል፤ ሰው አያየውም፤ ሰው አይመረምረውም። የመጽሐፉ ደራሲ ተብላ ሽፋኑ ላይ የተጻፈችው ደግሞ ዝምተኛዋ ነበረች።

እትዬ እርሳስ ሄዱባት። ዝምተኛዋ አሁን የትልቅ ኮሌጅ መምህርት ሆናለች፤ ቢሮ አላት። ሲገቡ ከወንበሯ ተነሥታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፤ በእጃቸው ከለከሏት።

«እትዬ፣ ሥዕሎቹ እኮ በየግድግዳው ነበሩ» አለች። «ሲባዙ ጠርዙ እየተቆረጠ ብዙዎቹ ላይ ስም የለም። የሁሉም ከሆኑ የማንም አይደሉም ብዬ ነው።»

«አንቺም የማን እንደሆኑ አላወቅሽም?»

ዝምተኛዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ አዟዟረች። «አውቃለሁ። ለአሳታሚዎቹ ነግሬያቸው ነበር። በመቅድሙ እናመሰግናቸዋለን አሉኝ። ኋላ ገጽ በዛ ተብሎ መቅድሙ ወጣ።»

«ይሁን፤ ስሙ ይቅር። ልጆቹ እንዳይማሩበት ለምን ከለከልሽ?»

«እኔ አልከለከልኩም። ስፈርም መብቱን በሙሉ ለድርጅቱ አስተላልፌያለሁ። እኔ ራሴ ለክፍሌ ላባዛ ብል እነሱን ማስፈቀድ አለብኝ።»

«የኔን ነዋ ያስተላለፍሽው» አሉ እትዬ እርሳስ። ተነሥተው ወጡ።

የያዙት ጠበቃ ገና ከመነሻው እውነቱ የእሳቸው መሆኑን አልካደም። «እርስዎ በሰጡት ፈቃድ ድርጅቱ መሸጥ ይችል ነበር። ስምዎን መፋቅና ሌላው እንዳይጠቀም ማገድ ግን አይችልም» አላቸው። «ዋናዎቹን ሥዕሎች ብቻ ያምጡልኝ።»

ዋናዎቹ የሉም። የተመራቂዎቹ ስልክ ተቀይሯል፤ አንዷ ተሰድዳለች፤ አንዷ ሞታለች፤ የተገኙት ሁለቱም በዝውውር ላይ ጥለነዋል አሉ። የልጃቸው ኮምፒውተር ተበላሽቶ ከተጣለ ቆይቷል። ሥዕሎቹ መቼ እንደወጡ የሚያሳየው ገጽ አብሮ ታግዷል። በእገዳው ላይ ይግባኝ የሚባልበት ጊዜም አልፎ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው የተላከው ልጅቷ ወደ ለቀቀችው መሥሪያ ቤት አድራሻ ስለነበር ማንም አላነበበውም። የቀረ ምስክር፣ የማን እንደሆኑ ለአሳታሚዎቹ የነገረችው ዝምተኛዋ ብቻ ሆነች። እመጣለሁ አለች። በችሎቱ ቀጠሮ ጠዋት ደወለች።

«ልጆች አሉኝ፣ እትዬ» አለች። «ድርጅቱ ከመሰከርሽ ያሳተምንበትን ወጪ ሁሉ ካንቺ ነው የምንጠይቀው ብሎኛል።»

እትዬ እርሳስ ስልኩን ለልጃቸው አቀበሉ።

ችሎቱ ላይ የድርጅቱ ጠበቃ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ክቡር ዳኛ፣ ከሳሿ ሥዕሎቹን ለፈለገ ሁሉ በነጻ ሰጥቻለሁ ይላሉ። ታዲያ ምን ተወሰደባቸው?» ብሎ ተቀመጠ። እትዬ እርሳስ ተነሥተው ቆሙ። ልባቸው የሚያውቀውን አፋቸው አላወጣው አለ። ዳኛው ጥቂት ጠብቀዋቸው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። በመጨረሻው ቀጠሮ ማስረጃው አይበቃም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ።

የእትዬ እርሳስ ጠበቃ ከዚያ በኋላ የማሠልጠኛውን ዳይሬክተር ሊያደፋፍር ሞከረ። መምህር ለማስተማር ብሎ ከመጽሐፍ ጥቂት ቢቀዳ ሕጉ ይፈቅዳል አለው።

«ጥቂት ስንት ነው?» አለ ዳይሬክተሩ።

«እንደ ሁኔታው ነው።»

«እንደ ሁኔታው ብዬ ማሠልጠኛ አላዘጋም።»

ሥዕሎቹ ከግድግዳው ወረዱ። አዲሱ መጽሐፍ ከማሠልጠኛው አቅም በላይ ስለነበር፣ ለተማሪዎቹ ያ ጥቁር ነጠብጣብ የሞላበት አሮጌ ቅጂ ከመጋዘን ወጣላቸው። የእሱን ባለቤት የሚያውቅ ስለሌለ የሚከስም የለም።

«እንደገና ብትሥያቸውስ?» አለች ልጃቸው። እትዬ እርሳስ ሞከሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ተረከዙ ተረከዝ አልመስል አለ። በዚያ ላይ ጠበቃው፣ አዲሶቹም ያንን መጽሐፍ ከመሰሉ ያው ፕሮግራም መልሶ ያወርዳቸዋል ብሎ ነግሯቸዋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው እማዬ። ልቀቂው ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«ብንቆልፈው ኖሮ እነዚያ ሁሉ ልጆች በምን ይማሩ ነበር?» አሉ። ልጃቸውን ለማጽናናት ያሉት ይመስላል፤ ፊታቸው ግን ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንዲት የማያውቋት አዋላጅ ደወለችላቸው። ከሩቅ ጤና ጣቢያ ነው። ቁጥራቸውን ከቀድሞ ተማሪ ተቀብላለች። መንታ ያረገዘች ሴት ገብታባታለች፤ የሕፃናቱ አቀማመጥ ግራ ገብቷታል። መኪና ተጠርቷል፤ መንገዱ ግን ተዘግቷል።

«ግድግዳችን ላይ ሥዕል ነበረን» አለች። «አውርዱት ተብለን አወረድነው። የት ይገኛል እትዬ?»

«የትም አይገኝም። ስሚኝ ልንገርሽ።»

ነገሯት። የፊተኛው ጭንቅላት የት እንዳለ፣ የኋለኛው ጀርባ ወዴት እንደዞረ፣ ግራ እጇን የት እንደምታሳርፍ በቃል ነገሯት። ባዶ እጃቸው አየር ላይ ይሥል ነበር። ደግመው ነገሯት፤ ሦስተኛም ነገሯት።

«እሺ» አለች አዋላጇ።

እትዬ እርሳስ ስንቱን ተማሪ አስተምረዋል፤ ያልገባው ሰው እሺ ሲል እንዴት እንደሚል ያውቃሉ። እንደገና ሊጀምሩላት አፋቸውን ሲከፍቱ መስመሩ ተቋረጠ። መልሰው ደወሉ፤ አይሠራም። ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ያቺ ልጅ በዚያው ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አልደወለችም።