እሷን ማን ጠየቃት?

በጣሊያን ጊዜ መተማ ላይ ጋኔን ከሰው ይልቅ ይከበር ነበር። አንዲት ሴት ስትወድቅ አገር ተሰብስቦ ጋኔኑን «ማነህ? ከየት መጣህ? ምን እንስጥህ?» ይለዋል። የወደቀችውን ግን «ምን ሆንሽ?» የሚላት የለም። ይኸው አርጅቼም ይህን ሳስታውስ ደሜ ይፈላል።

የምነግራችሁ ሴት ከሽንፋ ወዲያ ካለ መንደር ጡት የምትጠባ ልጇን አዝላ የመጣች ናት። መንደሯን የጣሊያን ወታደሮች አቃጥለውት፣ ባሏም እዚያው ተገድሏል። የተጠጋችው ከባሏ ታላቅ ወንድም ቤት ነው፤ ከእኔ ጋር የሚለየን አጥር ብቻ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ እውነቱን ልናገር። ግን ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበር።

በመጣች በሳምንቱ ማሽላ ስትለቅም ወደቀች። ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች፣ መሬቱን ቧጠጠች። «ቡዳ በልቷታል» ተባለ። የቡዳ መድኃኒት ሥር ፍም ላይ ጥለው፣ ነጠላ አከናንበው፣ ዓይኗ እስኪያብጥ አጠኗት። «ለፍልፍ! ማነህ?» አሉት። ደግማ ወደቀች፣ ክታብ ታሰረላት፤ ሠለሰች። በዚህ ጊዜ የባሏ ወንድም ቆረጠ፤ «በሰንሰለት ትታሰር። ልጂቱንም ለእህቴ እሰጣለሁ፤ አንድ ቀን ትወድቅባትና ትገድላታለች።» ነገሩ ለሽማግሌ ተቀጠረ። ከዚያች ልጅ ሌላ ምን ቀርቷት ኖሯል!

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለቀምኩት አባቴ ወንድሜን ሲያስቆጥር ጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ነው። ግን ያየሁት ነገር ካልገባኝ ሆዴ አያርፍም። ከሰል አንስቼ ቤቴ ግድግዳ ላይ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ፤ ለወደቀችበት ቀን ክብ፣ ደህና ለዋለችበት ሰረዝ። ከጎኑ ያን ቀን የሆነውን እጽፋለሁ፦ ገበያ፣ ነፋስ፣ የወታደር መኪና ማለፉን። ወሩ ሳይሞላ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ታየኝ። የምትወድቀው ከእነሱ አጥር ማዶ ያሉት ነጋዴ፣ ሐጂ የምንላቸው፣ ማሽላ ሲያስወቁ ነው። ዱላው እህሉ ላይ ጧ! ጧ! ሲል።

ሮጬ ለባሏ ወንድም ነገርኩት።

«አያ፣ በማርያም ዕለት ወቂዎቹ አይሠሩም፤ እሷም አልወደቀችም።»

«ማርያም ጠብቃት ነዋ!»

«እሺ፣ ዓርብስ? ሐጂ መስጊድ ሲሄዱ ዱላው ያርፋል፤ ዓርብ ቀትርም ደህና ናት። እሱንም ማርያም ናት?»

«አንቺ ሴት፣ ከመቼ ወዲህ ደብተራ ሆንሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

በማግስቱ እሷን ይዤ ወደ ኾሩ፣ ወደ ወንዙ ጉድባ፣ ውኃ ልንቀዳ ወረድን። «እቴ፣ ዱላው ሲመታ ምን ይሰማሻል?» አልኳት። እንስራዋ ሞልቶ ፈሰሰ። ከዚያ ውኃውን እያየች እንዲህ አለችኝ፦

«ያን ቀን ጠዋት ጧ ጧ ሲል ባሌ ብድግ አለ። እኔ ነኝ ‹ተቀመጥ፣ ጎረቤት ማሽላ እየወቃ ነው› ያልኩት። ቁርሱን ይጨርስ ብዬ እኮ ነው። ቃሌን አክብሮ ተቀመጠ።»

አውድማ አልነበረም። ጠመንጃ ነበር።

ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ነው እንግዲህ በጭስ ያሳወሯት! ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር፤ አንድ።

ከኾሩ በቀጥታ ሐጂ ዘንድ ሄጄ አውድማቸውን ራቅ እንዲያደርጉላት ለመንኳቸው። «ወላሂ፣ ለአንድ ጋኔን ብዬ ያንን ሁሉ ማሽላ በአህያ ላጓጉዝ?» አሉኝ። «ጋኔን አይደለም፣ ሰው ናት» ብዬ የነገረችኝን ነገርኳቸው። «እኔም ያን ጊዜ ለንግድ ሽንፋ ነበርኩ፤ ድምፁን ሰምቼ አህዮቼን መጫኔን ቀጠልኩ» አሉ ቀስ ብለው። በሁለተኛው ቀን አውድማቸው ከኾሩ ማዶ ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ግድግዳዬ ላይ ሰረዝ ብቻ።

የሽማግሌው ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከሚቀመጡበት ዛፍ ሥር ቆሜ ያየሁትን ተናገርኩ። ትልቁ ሽማግሌ ፈገግ ብለው፣ «እንግዲያው ዱላና ማሽላ ይምጣ፤ እዚሁ ይወቃና እንይ» አሉ።

«አባቴ! አንቱ እንዲያምኑ እሷ ትውደቅ?» አልኩ። ድምፄ ከእኔ ቁጥጥር ወጥቶ ነበር። «ለቡዳው ሦስት ጊዜ ሥር አጢሳችሁ ጠይቃችሁታል። እስቲ እሷን አንድ ጊዜ፣ ያለ ጭስ ጠይቋት!»

አንዱ «ባለጌ» አለኝ። ትልቁ ግን ፈገግታቸው ጠፋ። ወደ እሷ ዞረው «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አሏት። ልጇን እንዳቀፈች፣ ራሷን ሳታቀና፣ ስለዚያ ጠዋትና ስለ ቁርሱ ነገረቻቸው። ስትጨርስ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ልጅ ከእናቷ አትለይም። ሰንሰለት የሚባል ነገርም እንዳልሰማ» አሉ።

የባሏ ወንድም ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ ያሳሰርኩላት ክታብ አዳናት» እያለ ሸሕዲ ገበያ ድረስ አወራ። አንጀቴ አረረ! ሴቶቹ ግን እውነቱን ያውቁ ነበር። የወደቀች እህት፣ የማትናገር ልጅ ያላት ሁሉ ደጄ መጣች። ለሁሉም ያስተማርኳቸው ያንኑ ነው፦ መጀመሪያ የታመመችውን ጠይቋት፣ ከዚያ ቀኑን ጻፉ፤ ፊደል የማታውቅ ከሰል አታጣም።

በዓመቱ የሐጂ ወቂዎች ወደ ቀድሞው አውድማ ተመለሱ። ዱላ ከማንሳታቸው በፊት ግን ባጥሩ ላይ «እታለም፣ ልንጀምር ነው!» ብለው ይጣራሉ፤ እሷም ልጇን አዝላ ወደ ኾሩ ትወርዳለች። የባሏ ወንድም የራሱን ማሽላ ሲወቃ አንድ ቀን እንኳ ተጣርቶ አያውቅም፤ ክታቡ አለ አይደል! ስለዚህ እሱ ዱላውን የሚያነሳበትን ሰዓት፣ አንገቴን ባጥሩ ላይ አስግጌ የምጠብቅላት እኔ ነበርኩ።