አባቴ የሰበራት ጥርስ ማውጫ

ትናንት ወልድያ፣ በረንዳዬ ላይ፣ በነሐስ ቁራጭ ቀዳዳ ውስጥ ለደቃቅ ብሎን ጥርስ ሳወጣ የማዞረው ጥርስ ማውጫ ሲጥ አለብኝ። እጄ ሳላዘው ወደ ኋላ አዞረው።

ልጅ ሳለሁ፣ መርሳ ከተማ፣ ይህን ሥራ ያስተማረኝ አባቴ ነው። መምህር ነበር፤ የብረት ሥራ የእሑድ መዝናኛው ነበር። "ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ወደ ኋላ። ሲጥ ካለ አትግፊ። ቀዳዳው ውስጥ ከተሰበረ የሚያወጣው የለም" ይለኝ ነበር። እንደ ስንደዶ የቀጠነችውን ጥርስ ማውጫ አንድም ቀን ሰብሯት አያውቅም።

አንድ እሑድ ጠዋት አንድ ሰውዬ ጠመንጃ ይዞ ገባ።

"መምህር፣ የምላጩ ብሎን ጥርሱ ተበልቷል፤ አሁኑኑ ሥራልኝ። ታደሰ ድንበሬን ገፍቶ እያረሰ ነው። እርፉን እንደያዘ ነው የምጥለው።"

ጋሽ ታደሰ ጎረቤታችን ናቸው።

አባቴ የጠመንጃው ብሎን ቀዳዳ ላይ ዘይት ጠብ አደረገና ጥርስ ማውጫዋን አስገብቶ ማዞር ጀመረ። ብረቱ ሲጥ አለ። ወደ ኋላ አልመለሰውም። ደግሞ ሲጥ አለ፤ ጨክኖ ገፋው። ቀጭ ብሎ ቀዳዳው ውስጥ ተሰበረ።

"ቸኮልኩ" አለ።

ሰውዬው በሰደፉ ግራ ጆሮውን መታው። ሲወድቅ ደገመው፤ ሠለሰውና እየተሳደበ ወጣ። ደሙን በነጠላዬ እየጠረግሁ፣ "አባዬ፣ ሲጥ ብሎ እኮ ነበር" አልኩት።

"ሰምቻለሁ" አለኝ።

ሰውዬው ሌላ ጠመንጃ ሳያገኝ ሽማግሌ ገብቶ ከጋሽ ታደሰ ጋር አስታረቀው። የአባቴ ግራ ጆሮ ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረም።

ለፋሲካ መርሳ ስወርድ ጋሽ ታደሰ አኩርፈው አገኘኋቸው።

"አባትሽ ኮርቷል" አሉኝ። "በግራው በኩል አልፌ ሰላም ብለው ዝም አለኝ።"